ሰም ያልነካው ገመድ

የአገሪቱን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «እዚህ ነው እንዴ?» ትላላችሁ፤ እኔ «አይ፣ ሩቅ ነው» እላለሁ፤ እናንተ አታምኑኝም፤ እንዲሁ ስንከራከር እንውላለን። ስለዚህ ስሟ ይቅር። አንድ ምንጭና ዐሥራ ሁለት መንደር የነበራት፣ ሹሟ ግን ከመንደሯ የበዛ አገር ነበረች። ይህን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ያመመው ይወቅ።

ምንጩ የሚፈልቀው ከቤተ መንግሥቱ ጓሮ ነው። ምንጩ ነው ወይስ ቤተ መንግሥቱ ቀድሞ የነበረው ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ እሱም ያስቀጣ ነበር። ውሃው በቆዳ ስልቻ እየተቀዳ፣ በአህያ እየተጫነ፣ ለየመንደሩ ይታደላል። ምንጩ እስከ ረፋድ ይንዶለዶላል፤ ከቀትር በኋላ ግን እየቀጠነ ይሄዳል። ቀድሞ የተጫነ ንጹሑን ይወስዳል፤ ኋላ የተጫነ ዝቃጩን፣ እሱንም ካገኘ። እንግዲህ የአገሪቱ ጠብ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ ማን ይቅደም?

ነገሩ ሲጀመር ከቅን ሐሳብ ነው የተጀመረው፤ ስንቱ ክፉ ነገር እንደዚያ አይደል? የአገሪቱ ጌታ ቅድመ አያት ብልህ ሰው ነበሩ ይባላል፤ እኔም አልክድም። ሕዝቡ በየማለዳው ምንጩ አፋፍ ላይ ዱላ ሲማዘዝ አይተው ሦስት ገመድ አስገመዱ። አንዱን የቅርበት ገመድ፣ አንዱን የሜዳ ገመድ፣ አንዱን የጥማት ገመድ አሉት። በቅርበቱ ላይ ዘጠኝ ቋጠሮ ቋጠሩ፣ በሜዳው ላይ ስድስት፣ በጥማቱ ላይ አንድ። ከምንጩ አጠገብም ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጠፉ። በየማለዳው ጠጠር ጣይ የሚባል ሰው ይቀመጣል። ለቅርብ መንደር ዘጠኝ ጠጠር ድንጋዩ ላይ ያኖርለታል፤ መንገዱ ሜዳ ለሆነ ስድስት ይጨምርለታል፤ ለተጠማ አንድ። ብዙ ጠጠር ያገኘ መንደር ይቀድማል። ዱላውም ቀረ።

በእሳቸው ዘመን ደንቡ እውነትም ሠራ። አንድ ጊዜማ አንዱን ቋጠሮ ፈትተው በሌላው ላይ እንደቋጠሩ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በኋላ ይህን የሚናገር ሽማግሌ ሁሉ ዝም እንዲል ተደረገ። እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሐዘኑ በዛበትና ቋጠሮዎቹን በሰም አሸገ። «ቋጠሮ የነካ እጁ ከምሰሶ ጋር ይታሰር» ብሎም አዋጅ ነገረ። ሰም ማለት ይኸው ነው፤ አባቱን ማክበሩ መስሎት የአባቱን እጅ አሰረ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ! ተራራ ተናደና የአንዱ መንደር ሜዳ ገደል ሆነ፤ በሕጉ ግን ሜዳ ነውና ስድስት ጠጠሩን ይበላል። ከወንዙ ማዶ አዳዲስ መንደሮች ተቆረቆሩ፤ ቅድመ አያት ስላላወቋቸው ድንጋይ እንጂ ጠጠር የላቸውም። የተጠማውንም መንደር ቅድመ አያት ራሳቸው ወስነውት ነበር፤ አዳራሽ ግርጌ የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን አዳራሽ ግርጌ ይኖሩ የነበሩት ድንጋይ ፈላጮች ነበሩና ይጠማቸዋል። አሁን የሚኖሩት ሹማምንት ናቸው፤ ሰው ያስጠማሉ እንጂ አይጠሙም። የጥማቷ ጠጠር ግን በየማለዳው እዚያው አዳራሽ ግርጌ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ጉድ እኮ ነው!

ከደንቡ ሁሉ የሚገርመኝ የትናንቱ ደንብ ነው። በዚያች አገር «ትናንት የጌታ ነው» ይባላል። ትናንት ማን ጠጣ፣ ማን አልጠጣም ብሎ የጠየቀ ከጌታው ንብረት እንደሰረቀ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በየማለዳው ሁሉም ሰው ትናንት እንዳልነበረ ሆኖ ይነሳል።

ይህን ሁሉ የሚያስጠብቁ ሁለት ሹማምንት ነበሩ። አንዱ አዛዥ ወንድይፍራው ይባላል፤ ባለ ቋጠሮ ነው። ሥራው ሦስቱ ገመዶች በተሰቀሉበት ምሰሶ ሥር ቆሞ መዋል ነው። የማዕረጉ ደንብ ከጉልበቱ በታች እንዳያይ ይከለክለዋል፤ ዝቅ ብሎ ማየት የአሽከር ነው ይላል። ሁለተኛው ባሻ እርገጤ ነው፤ የምስጋና ሹም። በየማለዳው ከአህዮቹ ቀድሞ እየዞረ መንደርተኛውን ስለሚመጣው ውሃ ያስመሰግናል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ይሆናል። ማታ ደግሞ፣ ውሃው ሳይደርስ ፀሐይ ከጠለቀች፣ በመንደሩ ዋርካ ላይ በቢላዋ አንድ ጭረት ይጭራል። ጭረቱ በዓመት ውስጥ ሠላሳ የሞላ መንደር «ውሃ የማይጠጣ መንደር መንደር አይደለም» ተብሎ ይፈርሳል። ሰዉ ለሹማምንት እርሻ ይከፋፈላል፤ ባል ለአንዱ፣ ሚስት ለሌላው። የሚወለድም ልጅ የተወለደበት ማሳ ባለቤት ነው የሚወስደው።

እንግዲህ ወደ ደብሪቱ ልምጣ።

ደብሪቱ ጠጠር ጣይ ነበረች፤ ሥራውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ጣቶቿ ግን ከምላሷ የፈጠኑ ሴት ናት። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ትጓደድ ትባላለች። ትጓደድ የተዳረችው እንዶድ ማዶ ነው፤ ከወንዙ ባሻገር፣ ከመንደሮቹ ሁሉ በራቀው። እንዶድ ማዶ ጠጠር የለውም፤ አንድም። ደብሪቱ በየማለዳው በገዛ እጇ ሌሎቹን ድንጋዮች ጠጠር ስትሞላ፣ የልጇን መንደር ድንጋይ ባዶውን ታየዋለች። ዓመታትን እንዲህ አሳለፈች፤ አንጀቷ እያረረ፣ እጇ እየታዘዘ።

አንድ ቀን አህያ ነጂዎቹ ሲጭኑ ዋነኛቸው አያ ደባልቄ አጠገቧ መጥቶ የአህያውን ወገብ የሚፈትሽ መሰለ። ሽበታም፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። የማይወደውን ነገር ያን ቀን ተናገረ።

«ደብሪቱ፣ የእንዶድ ማዶ ዋርካ ሃያ ስድስት ሆነ።»

«ምኑ ሃያ ስድስት?»

«ጭረቱ ነዋ! ልጅሽ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ንገራት አላለችኝም። እኔ ነኝ አላስችል ብሎኝ የምነግርሽ።»

ደብሪቱ እጇ ላይ የነበረውን ጠጠር ጨበጠችው። ወደ አዛዥ ወንድይፍራው ቀና ብላ አየች፤ እሱ እንደ ልማዱ ሰማዩን ያያል። ከዚያ በዚያች አገር ማንም ጮክ ብሎ ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀች። እሷም ጮክ አላለችም።

«አያ ደባልቄ፣ ትናንት ማን ደረቀ? ማንስ ደፋ?»

«ኧረ በስመ አብ በይ! ልታስገድዪኝ ነው?»

«ንገረኝ።»

ሽማግሌው ግራ ቀኙን አየ። «የደረቀው ያው እንዶድ ማዶ። የደፋው አዳራሽ ግርጌ፤ እግራቸውን ታጥበው የቀረውን ለአዛዡ አበባ አጠጡት።»

በማግስቱ ደብሪቱ ስትመጣ በነጠላዋ ሥር፣ በመቀነቷ ላይ፣ ከፍየል ጠጉር የተገመዱ ሦስት ቀጫጭን ገመዶች አስራ መጣች። በአንዱ ዘጠኝ፣ በአንዱ ስድስት፣ በአንዱ አንድ ቋጠሮ፤ ልክ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀሉት። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የእሷ ሰም የለውም።

የደብሪቱ ደንብ ቀላል ነበር፤ ሕጻን ይገባዋል፤ ሹም ነው የማይገባው። በየማለዳው ነጂዎቹን ትጠይቃለች፦ ትናንት ማን ደረቀ? ማን ደፋ? የጥማቱን ጠጠር ከአዳራሽ ግርጌ አንስታ ለደረቀው ታኖራለች፤ ሌላ እስኪደርቅም እዚያው ትተዋታለች። መንደር ከደረቀ በጥማቱ ገመድ ላይ አንድ ትቋጥራለች። መንደር ከደፋ፣ ያን መንደር ማን አስቀደመው ብላ ታያለች፤ ቅርበት ከሆነ ከቅርበቱ አንድ ትፈታለች፣ ሜዳ ከሆነ ከሜዳው። በማግስቱ ደግሞ ትጠይቃለች። ቋጠሮው ከበጀ ይቆያል፤ ካባሰ ይፈታል። በየሰባት ቀኑም፣ ሁሉ ደህና ሆኖ እንኳ፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ቋጠሮ ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። «ምን ታውቂያለሽ፣ ሳይሞከር የቀረ ይኖር ይሆናል» ትላለች። አዛዥ ወንድይፍራው እላይ ሰማይ ያያል፤ ጠጠሮቹ እታች፣ ከጉልበቱ በታች ናቸው።

ወዲያው ቀናት እንዳትሉ፤ መጀመሪያ ላይ ጉድ ሆና ነበር። እናንተ ደግሞ ወዲያው የሚሳካ ነገር ነው የምትወዱት። ገና በአራተኛው ቀን አጋም ጥግ በሚባለው መንደር ሠርግ ተደገሰ። ሚዜው፣ አጃቢው፣ ያልተጠራው ሁሉ ገብቶ ውሃውን ጨረሰው። በማለዳ ነጂዎቹ «አጋም ጥግ ደረቀ! ጠብታ የለም!» አሉ። ደብሪቱ ደነገጠች፤ የተጫረ ዋርካ ዓይኗ ላይ መጣባት። በንዴት በጥማቱ ገመድ ላይ አራት ቋጠሮ ባንድ ጊዜ ቋጠረች። አህያው ሁሉ ወደ አጋም ጥግ ተነዳ። ሠርገኛው ግን ወደየቤቱ ሄዷል! ውሃው መንገድ ላይ ተደፋ፣ ዶሮ ዋኘበት። እንዶድ ማዶ ግን ያን ቀን ደረቀ። ሃያ ሰባት።

ይህን ስትሰማ ጭራሽ ተሸበረችና አራቱንም ባንድ ጊዜ ፈታቻቸው። እንዲህ ሲሆን የእንዶድ ማዶ ጥማት እንደገና ሚዛን አጣ፤ ኋላ ቀረ፤ ሃያ ስምንት ሆነ። ደብሪቱ የአህያ ጭነት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሁለት ጭረት በገዛ እጇ በልጇ ዋርካ ላይ እንደጫረች ነው የቆጠረችው፤ እውነቷን ነው።

«ተይው በቃ» አላት አያ ደባልቄ። «የቀድሞው ቢያንስ የሌላ ሰው ጥፋት ነበር።»

ደብሪቱ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አልተወውም! የቀድሞው ሲያጠፋ ማን አለቀሰለት? እኔ ሳጠፋ ቢያንስ በማግስቱ አውቃለሁ።» ከዚያ ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች፦ በቀን አንድ ቋጠሮ። ከዚያ በላይ ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ አያስተምርም።

ከዚያ ወዲያ ገመዶቹ እየበጁ ሄዱ። ቅርበት ከዘጠኝ ወደ ስምንት፣ ወደ ስድስት፣ ወደ አራት ወረደ። ሜዳ ሦስት ሆነ። ጥማት አምስት ላይ ቆመ። አርባ ቀን ሙሉ በአንድም ዋርካ ላይ አንድም ጭረት አልተጫረም። አዳራሽ ግርጌም ጠጥቷል እኮ! የጎደለበት የሚደፋው ብቻ ነው። አያ ደባልቄም ከትጓደድ መልእክት አመጣ፤ ከንፈሯ መዳኑን፣ ልጁም ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ እንደሚውል።

ግን የሚደፋ ያጣ ሰው ከተጠማ ሰው ይልቅ ይጮኻል። የአዛዥ ወንድይፍራው አበባ ደረቀ።

አዛዡ ነገሩን ከጠጠሩ ጠረጠረ። ይሁንና ጠጠሩን ለማየት ከጉልበቱ በታች ማየት አለበት፤ ደንቡ ደግሞ አይፈቅድም። ሸንጎ ተጠራ። «ማነው ዝቅ የሚለው?» በሚለው ነገር ሦስት ቀን ተከራከሩ። አንዱ «ዓይኑን ጨፍኖ ዝቅ ይበል» አለ። ሌላው «ዝቅ ካለ በኋላ ዝቅ እንዳላለ በአዋጅ ይነገርለት» አለ። በመጨረሻ አራት ጎረምሶች ድንጋዮቹን ከነጠጠራቸው አንስተው እስከ አዛዡ ዓይን ድረስ ከፍ እንዲያደርጉ ተወሰነ። ተደረገም። አዛዡ ቆጠረ። ዘጠኝ መሆን የነበረበት አራት ነው። አንድም ጠጠር አይቶ የማያውቀው የእንዶድ ማዶ ድንጋይ አምስት ይዟል።

ያን ቀን ደብሪቱ ተያዘች። ውሃውም በአሮጌው ቋጠሮ ታደለ። እንዶድ ማዶ ደረቀ፤ ሃያ ዘጠኝ።

በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ችሎቱ በምንጩ አጠገብ ተሰየመ። ጌታው ከዙፋኑ ላይ፣ ሹማምንቱ በደረጃ በደረጃቸው፣ ነጂዎቹ ከነአህዮቻቸው ዳር ላይ ቆሙ። አዛዥ ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ይህች ሴት ቋጠሮ ነክታለች። ይባስ ብላም ትናንትን ጠይቃለች። አርባ ትናንት ሰርቃለች፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«አርባ ስድስት ነው» አለች ደብሪቱ። «ከሰረቅሁ አይቀር አሳንሰህ አትቁጠርብኝ።»

ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው ያዘ። ጌታው ግን አልተቆጡም። ሞኝ ሰው አልነበሩም፤ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ወደ ባሻ እርገጤ ዞሩ።

«በእነዚህ ቀናት ምስጋናው እንዴት ነበር?»

ባሻ እርገጤ ላብ አጠመቀው። «ጌታዬ፣ ተቸግሬ ነው የሰነበትኩት። ሰዉ ሳላስመሰግነው ያመሰግናል። የምሰበስበው አጣሁ።»

ጌታው ደብሪቱን «ገመድሽን አሳዪኝ» አሏት። ነጠላዋን ገልጣ ከመቀነቷ ፈታ አሳየቻቸው። «ስንት ስንት ነው?» ሲሏትም «ለዛሬ ቅርበት አራት፣ ሜዳ ሦስት፣ ጥማት አምስት» አለቻቸው።

ጌታው ተነሱ። «ስሙ! የዚህች ሴት ቋጠሮ ከቅድመ አያቴ ቋጠሮ በልጧል። እኔ እውነት አልፈራም። የድሮው ይውረድ፣ የደብሪቱ ይሰቀል። በወርቅ ክር ይታሰር፣ በሰም ይታሸግ። ከዛሬ ጀምሮ አራት፣ ሦስት፣ አምስት ለዘላለም ሕግ ነው! እንዶድ ማዶም ነገ ቀድሞ ይጠጣል። አንቺም ከነልጅሽ ትከበሪያለሽ።»

እልልታው ቀለጠ። ሰም አቅላጩ ድስቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። አያ ደባልቄ ሳይቀር ዓይኑ እንባ አቀረረ። እናንተም ብትኖሩ እልል ትሉ ነበር፤ እኔም።

ደብሪቱ ግን የሚንተከተከውን ሰም አየች። የእሷ ልብ ወደ ትጓደድ ሮጠ፤ ሃያ ዘጠኝ ጭረት፣ አንዲት ማለዳ ብቻ የቀራት ልጅ። «እሺ» ብትል በቃ፤ አለቀ፤ ልጇ ዳነች። ከዚያ ከተራራው በላይ የሚከማቸውን ደመና አየች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክረምት ነው። ጭቃ ይሆናል፣ ወንዙ ይሞላል፣ አጋም ጥግ ከመንገድ ይቆረጣል። አራት፣ ሦስት፣ አምስት ለበጋ ነው። ያኔ የአጋም ጥግ ዋርካ መጫር ይጀምራል፤ የሚጫረውም በደብሪቱ ስም ነው።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ክረምት ሲገባስ?»

«ሕግ ነው።»

«ማለዳ ማለዳ ትናንት ማን ደረቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል?»

የጌታው ፊት ከበደ። «ትናንት የእኔ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች። የጥማቱን ገመድ አነሳችና በሕዝብ ፊት አንዱን ቋጠሮ ፈታች። ሰዉ አልገባውም። ሁለተኛውን ፈታች፣ ሦስተኛውን። አዛዥ ወንድይፍራው «ያዟት!» ብሎ ጮኸ። ወታደሮቹ ተንደረደሩና ባንድ ጊዜ ቀጥ አሉ፤ ገመዱ ሕግ ሆኗል ተብሏል፣ ቋጠሮ የነካ ደግሞ እጁ ይታሰራል። ማን ይንካት? እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ትፈታለች። አራተኛ፣ አምስተኛ። የሜዳውን ሦስት። የቅርበቱን አራት። ዐሥራ ሁለቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈታችና ሦስት ልሙጥ ገመድ አንጠልጥላ ቆመች። ሰም አቅላጩ የሚያሽገው አጥቶ ድስቱን ሲያዘነብል የገዛ እግሩን አቃጠለ።

«ቅድመ አያትዎ ብልህ ነበሩ» አለች ደብሪቱ። ዓይኗ ከጌታው አልሸሸም። «ቢኖሩ ኖሮ በማግስቱ ይፈቱት ነበር። አገሩን ያደረቀው የእሳቸው ቋጠሮ አይደለም፤ ሰሙ ነው። የኔንም ካሸጋችሁት ያው ነው። ልጄን ለማዳን የሌላ ሰው ልጅ የምትደርቅበት ገመድ አልሰጣችሁም። እንቢ!»

እንዲህ ነው የተናገረችው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲባል ያደገ ሕዝብ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የጌታው ፊት አመድ መሰለ። «ከምሰሶው እሰሯት። የድሮው ቋጠሮ ይመለስ። እንዶድ ማዶም እንደ ተራው ይጠብቅ» አሉና ገቡ። እንደ ተራው ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አዛዥ ወንድይፍራው በገዛ እጁ እጆቿን የኋሊት አሰረ።

ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሲበተን አያ ደባልቄ ቆሞ ቀረ። ነገር የማይወደው አያ ደባልቄ! የአለንጋውን ጅራፍ ፈታና አየው፤ ከዚያ ቋጠሮ መቋጠር ጀመረ። ቅርበት፣ ሜዳ፣ ጥማት። አርባ ስድስት ማለዳ ስትጠይቀው የመለሰው እሱ አይደል? ሌሎቹ ነጂዎች አዩት። አንዱ የስልቻውን ማሰሪያ ፈታ፣ አንዱ የአህያውን ልጓም፤ እነሱም መቋጠር ጀመሩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጠጠር የሚጥል ሰው የለም። አዲስ ጠጠር ጣይ ለመሾም ሰባት ቀን ጾም፣ ሰባት ቀን ሰልፍ ያስፈልጋል፤ ደንብ ነው። አዛዥ ወንድይፍራው በምሰሶው ሥር እንደ ወትሮው ቆሟል። ነጂዎቹ አህዮቻቸውን ይዘው ምንጩ ዙሪያ ቆሙ። ከዚያ አያ ደባልቄ በሙሉ ድምፁ፣ አገር እንዲሰማ አድርጎ፣ ጮኸ፦

«ትናንት ማን ደረቀ?»

ከምሰሶው ሥር የደብሪቱ ድምፅ መለሰ፦ «እንዶድ ማዶ!»

«ማን ደፋ?»

«አዳራሽ ግርጌ!» አሉ ነጂዎቹ ባንድ አፍ፣ ጭነታቸውን እየጫኑ።

«ቁሙ! አስራችኋለሁ! ሁላችሁንም!» አለ አዛዡ።

አያ ደባልቄ ዞር አለ። «ይሰሩን አዛዥ፤ ግድ የለም። ስልቻውን ግን እርስዎ ይሸከሙታል?»

አዛዡ ሠላሳውን አህያ አየ፤ ስልቻዎቹን አየ፤ የራሱን ትከሻ አየ። አህዮቹ ሄዱ።

ባሻ እርገጤ ማታ እንዶድ ማዶ ዋርካ ሥር ቢላዋውን ስሎ ሲደርስ፣ ትጓደድ በገፋው ሆዷ ፊት ለፊት ቆማ ጠበቀችው። በእጇ ቅል ሙሉ ውሃ ይዛለች።

«ባሻ፣ ጠምቶዎት ይሆናል። ይጠጡ።»

ባሻ እርገጤ ቢላዋውን አየ፣ ቅሉን አየ። ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሏል፣ ሹምም ጉሮሮ አለው። ተቀበላትና ጠጣ፤ እስከ ታች ጨለጠው። ከዚያ የገዛ አፉ ርሶ «ይህ መንደር ውሃ አልደረሰውም» ብሎ እንዴት ይጫር? ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሰ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አመሰገነ።

ደብሪቱስ? አዛዡ ያሰራትን ቋጠሮ ያን ቀን ከረፋዱ በፊት በገዛ ጣቶቿ ፈታችው። ዓይኑ እያየ ከምሰሶው ተነስታ ድንጋዮቿ አጠገብ ተቀመጠች። ቢያስራት እንደገና ፈታች። ሦስተኛ ጊዜ ሰለቸውና ተዋት። ጌታው ከመስኮት ያዩ ነበር ይባላል፤ ምንም አላዘዙም። ሲያዝ የኖረ ሰው ማዘዝ ሲያቅተው እንዴት እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ ቋጠሮው ተቀየረ፤ አጋም ጥግ አልደረቀም። ትጓደድ ሴት ልጅ ወለደች፤ የተወለደችውም በማንም ማሳ ሳይሆን በአባቷ ቤት ነው። ሦስቱ የሰም ገመዶች አሁንም ምሰሶው ላይ ተሰቅለዋል። አዛዥ ወንድይፍራው ይጠብቃቸዋል፤ የሚነካቸው ሰው ባይኖርም ደመወዙ አልተቋረጠም።

እኔ የሰማሁትን አስረከብኩ፤ ከእንግዲህ ሸክሙ የናንተ ነው። ግን በዚያ በኩል ካለፋችሁ ከአህያ ነጂዎቹ አንዱን አስቁሙትና ከመቀነቱ ላይ ስለተንጠለጠለው የፍየል ጠጉር ገመድ ጠይቁት። «ስንት ቋጠሮ ነው?» በሉት። ቀና ብሎ ያያችኋል፤ እንግዳ መሆናችሁን ያውቃል፤ አህያውን እየነዳም እንዲህ ብሎ ይመልስላችኋል፦

«የዛሬውን ነው የትናንቱን?»